በሰው ካፖርት ትሪየስቴን

የለተብርሃን ጉልበት ባይቀየር ኖሮ ትሪየስቴ የምትባል ከተማ መኖሯን ሳላውቅ እኖር ነበር። ለተብርሃን ጓደኛዬ ናት፤ እሷ ሳን ሆዜ፣ እኔ ኦክላንድ ነው የምንኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ በ880 አውራ ጎዳና አድርጋ፣ ፍሪሞንት ላይ ትራፊኩን ተራግማ እኔ ዘንድ ትመጣና ሌክ ሜሪት የሚባለውን ሐይቅ አንድ ዙር እንዞራለን። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ሐኪሟ «በየቀኑ ተራመጂ፣ ግን ሜዳ ሜዳውን ብቻ» አላት። ዞረን ዞረን ሐይቁ ሰለቻት።

«ጸዳለ፣ ይቺን እይልኝ» አለችኝ አንድ ቀን ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ። «ጣሊያን አገር ነው። ቀላል የእግር መንገዶች ይላል። መጀመሪያ አሮጌው ከተማ፣ ከዚያ ባሕር ዳር ባሕር ዳሩን። ዳገት የለው፣ ደረጃ የለው። ጃንዋሪ ደግሞ ሰው የለም፣ ቺፕ ነው።»

«ጃንዋሪ ላይ ሰው የሌለው ለምን ይመስልሻል?»

«ብርድ ነዋ! ካፖርት አለሽ አይደል?»

ለተብርሃን አስመራ የጣሊያን ትምህርት ቤት ነው የተማረችው፤ ስለዚህ የቋንቋው ነገር በእሷ ሆነ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ኦክላንድ ውስጥ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞርኩ አማርኛ ሳስተረጉም ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የሥራው ሕግ አንድ ነበር፤ ሐኪሙ ያለውን ለታማሚው፣ ታማሚው ያለውን ለሐኪሙ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ሰው እያለቀሰ «እድናለሁ አይደል?» ብሎ እጄን ሲይዘኝ እንኳ ጥያቄውን ወደ ሐኪሙ አዙሬ እጠብቅ ነበር እንጂ ከራሴ አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም። ይህን ያነሳሁት ለኩራት አይደለም።

ሐሙስ ከሰዓት ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስተን ዓርብ ቬኒስ አረፍን። የለተብርሃን ሻንጣ መጣ፤ የእኔ ቀረ። ካፖርቴ ደግሞ ሻንጣው ውስጥ ነበር፤ አውሮፕላን ውስጥ ይሞቃል ብዬ በሹራብ ነበር የወጣሁት። ሠራተኛዋ ወረቀት አስሞላችኝና «ነገ ወይ ከነገ ወዲያ» አለች። ከዚያ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። ጉሙ መስኮቱ ላይ እንደ አንሶላ ተሰቅሎ ነበር። ሞንፋልኮኔ የሚባል ቦታ ስንደርስ ከጉሙ በላይ የመርከብ መሥሪያ ክሬኖች አንገታቸውን አውጥተው አየሁ። የኦክላንድ ወደብን ክሬኖች መሰሉኝና ደስ አለኝ። ወዲያው ባቡሩ ወደ ቀኝ ታጠፈና ምንም የሚታይ ነገር ጠፋ።

ማረፊያችን በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የእንግዳ ቤት ነው። ባለቤቷ ሲኞራ ማሪዛ ልጇ ዘንድ ሄዳ ስላልነበረች የተቀበሉን ባሏ ሲኞር ብሩኖ ናቸው። ሰማንያ የተጠጉ፣ ጆሯቸው ፈጽሞ የማይሰማ ሰው። ለተብርሃን የምትፈልገውን በወረቀት እየጻፈች ታሳያቸዋለች፣ እሳቸው በጩኸት ይመልሳሉ። ለእራት ዮታ የሚሉትን የቦሎቄና የኮመጠጠ ጎመን ሾርባ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን አቀረቡልን። እስክንጨርስ ቆመው ጠበቁ። ሁለተኛም ጨመሩልን። አገሩ እንደዚህ ከሆነ ሻንጣውም ይምጣ ሲለው አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በሹራብ ወጥቼ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሄድኩና ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ተመለስኩ። ብሩኖ ከቤታቸው ሁለት በር ዝቅ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ክፍል እንዳለ በጣታቸው አሳዩን። እዚያ አንዲት ወጣት ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። ካፖርቶቹ በሙሉ ለረጃጅም ሰዎች የተሰፉ ነበሩ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ የሆነ ካፖርት አወጣሁ። እጅጌው በእጅ ስፌት አጥሯል። ስለብሰው ትከሻው ላይ ልክ ቁጭ አለ፣ እጅጌው አንጓዬ ላይ ልክ ቆመ። በሕይወቴ ሳላስተካክል የለበስኩት የመጀመሪያው ካፖርት ነው።

«አንቺን ለክተው የሰፉት ነው የሚመስለው» አለች ለተብርሃን። «ደግሞ ቃሉም የእነሱ ነው፤ ካፖርት ያልነው ከነሱ ወስደን ነው።»

ኪሱ ውስጥ እጄን ስከት የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ አገኘሁ። አራግፌ ጣልኩት።

የመጀመሪያው መንገዳችን በእርግጥም ቀላል ነበር። ከማረፊያችን ወጥቶ በመሀል ከተማ የሚገባውን የባሕር ቦይ ተከትሎ፣ በአንድ በኩሉ ለባሕር ወደተከፈተው ትልቁ አደባባይ፣ ከዚያ ባሕሩ ውስጥ ወደ ውስጥ የሚዘልቀውን የድንጋይ መራመጃ ይዞ እስከ ጫፉ። አጥር የለውም። ኦክላንድ ቢሆን በየአምስት እርምጃው ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበት ነበር። ጉሙ ባሕሩንና ሰማዩን ስላገናኛቸው ጫፉ ላይ ስንቆም ከተማው ከኋላችን ጠፋ፤ ድምፁ ብቻ ቀረ።

ስንመለስ ዳቦ ቤት ገባን። ገና አፌን ሳልከፍት ባለ ዳቦ ቤቱ ፊቱ በራና «ኤልፊ!» አለ። ከባንኮኒው ሥር አንድ የታሰረ ወረቀት ከረጢት አውጥቶ ሰጠኝ። ብዙ ነገር ተናገረ። ለተብርሃን ቀረብ ብላ ሰማችው።

«ቆየሽብኝ ነው የሚልሽ። የወትሮውን አስቀምጬልሻለሁ ይላል። ፍቅር ነው መሰለኝ» አለችና ሳቀች።

ከረጢቱ ውስጥ የደረቀ ዳቦ ነበር። «ኤልፊ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«እኔ እንዲህ የሚባል ቃል አላውቅም። የዚህ አገር አነጋገር ይሆናል።»

መንገድ ላይ አንዲት ሴት ከብስክሌት ላይ ሆና እጇን አወዛወዘችልኝ። «ኤልፊ!» የመድኃኒት ቤቱ ሰው በመስታወቱ ውስጥ አይቶኝ ራሱን ዝቅ አደረገ። ጣሊያኖች ሰው ወዳድ ናቸው ሲባል ስለሰማሁ ራሴን በዚያ አጽናናሁ። ለተብርሃንን ግን ማንም አላያትም።

እሑድ ወደ ባርኮላ ሄድን። ባርኮላ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚጀምር የባሕር ዳር መራመጃ ነው። በአንድ በኩል ጥዶች፣ በሌላው ዝቅ ያለ የሲሚንቶ ግንብ፣ ከግንቡ ሥር ባሕሩ። በበጋ ሕዝቡ እዚያ ሲሚንቶው ላይ እንደ ተሰጣ በርበሬ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል አሉ። በጃንዋሪ እኛና ጥቂት ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሽማግሌዎች ብቻ ነበርን። ለተብርሃን ጉልበቷን እያመሰገነች፣ «ከሌክ ሜሪት የሚሻለው ዝይ ስለሌለው ነው» ትለኛለች። የሌክ ሜሪትን ዝዮች ኩስ የረገጠ ያውቀዋል።

ዝይ ባይኖርም ሌላ ነበር። ግንቡ ላይ አንድ ነጭ የባሕር ወፍ ተቀምጦ አየኝ። አልፌው ስሄድ ወርዶ ተከተለኝ፤ አልበረረም፣ በእግሩ። ከዚያ ሁለት ሆኑ። ዞር ባልኩ ቁጥር ይጨምራሉ። አንድ ሃያ ያህል ሲሆኑ ቆምኩ፤ እነሱም ቆሙ። በሙሉ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይጠብቃሉ።

«ምን አደረግሻቸው?» አለች ለተብርሃን። እሷ ወደ ጎን ስትል ማንም አልተከተላትም። እኔ ወደ ጎን ስል ሁሉም ዞሩ።

«ዳቦ ቤቱ የሰጠሽን ወርውሪላቸው» አለችኝ፤ ከረጢቱን ግን ማረፊያችን ትተነው ነበር። ፈጠን ብለን ሄድን። ከፊታችን አግዳሚ ወንበር ላይ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝና ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከንፈራቸው ነጣ፤ ፊታቸውን አማተቡና አንድ ቃል ሳይናገሩ ከኋላቸው ከባሕሩ ርቀው በጥዶቹ መሀል ሄዱ። ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ ረስተውት ነበር።

የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ሰው ሲፈራችሁ ማየት ከመፍራት ይከፋል። በዚህ ላይ ሌላ ነገር ነበር፣ ለለተብርሃን ያልነገርኳት። ስንመለስ ካርታውን ሳላይ፣ አንድ ጠባብ መንገድ ገብቼ፣ በአንድ ቅስት ሥር አልፌ ቀጥታ ማረፊያችን በር ላይ ወጣሁ። ያንን መንገድ ከዚያ በፊት አልሄድንበትም። እግሬ እንዴት እንዳወቀው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰኞ ቦራ መጣ። እኛ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለውን በሬ ቦራ እንላለን፤ እነሱ ደግሞ በክረምት ከተራራው ወደ ባሕሩ የሚወርደውን ነፋስ እንዲህ ይሉታል። ባሕሩን ነጭ በነጭ አድርጎት ስላየሁ ስሙ አልከበደኝም። ቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹ ብቻቸውን መንገድ ያቋርጣሉ። ብሩኖ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን አወናጨፉብን፤ መውጣት የለም።

ክፍላችን ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከጣሪያችን በላይ ስልክ ጮኸ። የድሮ ስልክ፣ ባለ ደወሉ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። የሚያነሳው የለም፤ የሚራመድ እግርም አይሰማም። ለተብርሃን ወርዳ ለብሩኖ ጽፋ ጠየቀቻቸው።

«ላይ ማንም የለም! ስልክም አይጮህም!» ብለው ሲጮሁ እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ ሰማሁ። እሳቸው እየጮሁ ሳለ ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ይጮህ ነበር።

ለተብርሃን ተመልሳ መጥታ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። «ጸዳለ፣ እኔ እንደዚህ ዓይነት ነገር አልወድም። ሆቴል ቼንጅ እናድርግ።»

«ነፋሱ ይቁምና።»

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ረገብ ሲል የዳቦውን ከረጢት ይዤ አየር ላገኝ ካፖርቱን ለብሼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ አንዲት ጠና ያለች ሴት ሻንጣ እየጎተተች ስትወጣ ተገናኘን። ቀና አለች። ሻንጣው ከእጇ ወጥቶ እስከ ታች ድረስ እየተንከባለለ ወረደ። እሷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ሲኞራ ማሪዛ ነበረች። ለተብርሃን ሮጣ መጣች፤ ውሃ አጠጣናት። ካፖርቱን አውልቄ ፊቴን በደንብ ካየች በኋላ እጄን ይዛ አለቀሰች። ነገሩን ሁሉ የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

ከላያችን ባለው ቤት አንዲት ሐበሻ ሴት ትኖር ነበር። ስሟ እልፍነሽ ነው፤ ከተማው ግን ለማለት ስለከበደው ኤልፊ ይላታል። በወጣትነቷ አንድ የጣሊያን ቤተሰብ ልጆቻቸውን እንድታሳድግላቸው ይዘዋት መጡ፤ ልጆቹ አድገው ሄዱ፣ አሠሪዎቿም ሞቱ፤ እሷ ቀረች። በየቀኑ ጠዋት ከዳቦ ቤቱ የደረቀ ዳቦ ተቀብላ በእግሯ እስከ ባርኮላ ትሄዳለች፣ ለወፎቹ በትና ትመለሳለች። ዝናብ የለ፣ ነፋስ የለ። ከገና በፊት ስትሮክ መታትና ባሕሩ ዳር ወደቀች። ከወደቀችበት ያነሷት ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ናቸው፤ የሞተች መስሏቸዋል። አሁን መጦሪያ ውስጥ ናት። ጣሊያንኛዋ ከአፏ ጠፍቷል። ማሪዛ «ከእንግዲህ አትነሳም» ሲሏት ካፖርቷን ብል ሳይበላው ብላ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠች።

«ስልኩስ?» አለች ለተብርሃን።

ማሪዛ አንገቷን ደፋች። «ልጄ ዘንድ ሳልሄድ በፊት ሁለት ጊዜ አንስቼው ነበር። አንድ ወንድ ነው። የማላውቀው ቋንቋ ነው። ‹የለችም፣ የለችም› ስለው አለቀሰ። ፈራሁና ዘጋሁት።»

ማክሰኞ ሦስታችን መጦሪያው ሄድን። ማሪዛ የካፖርቱን ባለቤት ላሳይሽ ያለች ያህል እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም፤ እኔም ካፖርቱን ልመልስ ነበር የሄድኩት። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ኮሪደሩ የተቀቀለ ካሮት ይሸታል። ዳኒየላ የምትባል ነርስ ተቀበለችን። ገና ሳንገባ በሩ ላይ አስጠነቀቀችን። «ብዙ አትናገርም። የቀራት ጣሊያንኛ ሁለት ቃል ነው። ‹ካዛ ቤላ› ነው የምትለው። ኤስ የምትባለዋን ፊደል እንደ እኛ ‹ዝ› ብላ አታነባትም፣ ካሳ ትላለች። ቀኑን ሙሉ። ያማረ ቤቴ ማለቷ ነው። ቤቷ ናፍቋት።»

ቤቷን እንድታይ ብለው አንድ ቀን በወንበር ተሸክመው ወስደዋት ነበር። ይበልጥ አለቀሰች። ከዚያ ማሪዛ የሕንፃውን ፎቶግራፍ አስነሥታ ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፈችላት።

እልፍነሽ በመስኮቱ በኩል ተኝታ ነበር። ትንሽ፣ ጠይም፣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ። በዕድሜ ከእኔ ከአሥር ዓመት በላይ ትበልጣለች፤ ቁመታችን ግን አንድ ነው፤ ግንባራችንም። ዞራ አላየችንም። ግድግዳውን እያየች ነበር።

«ካሳ በላ?» አለች።

ነርሷ በሐዘን ፈገግ አለች። «ይኸው። ካዛ ቤላ።»

እኔ ግን ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ለተብርሃን ክንዴን ጨመቀችኝ፤ እሷም ሰምታለች።

«ካሳ በላ?» አለች እልፍነሽ እንደገና። ለሰው ነው የምትናገረው። «ኧረ እባካችሁ፣ ካሳ በላ?»

ጎንበስ ብዬ «እማማ፣ ካሳ ማነው?» አልኳት።

በዝግታ ዞረች። አምስት ሳምንት ማንም ያልመለሰላት ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። እጇ አንጓዬን ያዘ፤ እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እንጃ። «ልጄ ነዋ!» አለችኝ። «ከትምህርት ቤት መጣ? በላ?»

ለተብርሃን በጆሮዬ፣ «በልቷል በያት» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። ካሳ የት እንዳለ አላውቅም፣ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ያልተባለ ነገር ብዬ አላውቅም፤ ምላሴ እንቢ አለኝ። «እጠይቅልሻለሁ እማማ» አልኳት።

እልፍነሽ አንጓዬን ለቀቀች፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው መለሰች።

በመመለሻችን ለተብርሃን ግማሽ መንገድ ድረስ አላናገረችኝም። «አንዲት ቃል ነበረች» አለች በመጨረሻ። «ከኪስሽ ምን ይወጣ ነበር?»

ረቡዕ ከአራት ሰዓት በፊት ማሪዛ ቁልፉን ይዛ አብራን ላይ ወጣች። ቤቱ ብርድ ብርድ ይላል። የታጠበ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ብርጭቆ ተደፍተው ደርቀዋል። የቀን መቁጠሪያው ያለፈው ዓመት ላይ ቆሟል። ስልኩ ኮሪደሩ ውስጥ አነስተኛ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አጠገቡ አንድ ወንበር፣ መቀመጫው ከአንድ ሰው መቀመጥ ብዛት የጎደጎደ። እዚያ ተቀመጥኩ። ጉድጓዱ ልኬ ነበር።

ጮኸ። ከፎቅ ሥር ሆኖ ሲሰማ የሚያስፈራው ድምፅ ከአጠገቤ ሲሆን ይበልጥ አስፈራኝ። አነሳሁት።

«እማዬ?» አለ የሰው ድምፅ። «እማዬ! እማዬ!»

«ሃሎ» አልኩ።

አምስት ቀን ሙሉ ከተማው በሙሉ እሷ ናት ሲለኝ ከርሞ፣ በአንዲት ቃል እሷ አለመሆኔን ያወቀው እሱ ብቻ ነው።

«ማን ልበል?» አለኝ። «ሞተች አይደል? ንገሩኝ።»

«አልሞተችም። ካሳ ነህ?»

የሰማሁት ልቅሶ ብቻ ነበር። ማሪዛ ቋንቋውን ባታውቅም ልቅሶውን አወቀችው፤ ወደ ኩሽናው ገብታ ጀርባዋን ሰጠችን።

ካሳ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ ጋራዥ አለው። እናቱ ስትሄድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ለታላቅ እህቷ ትታው፣ ለሁለት ዓመት ብላ ነው የሄደችው። አብዮቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ሁለት ዓመቱ ሃምሳ ሁለት ሆነ። በመሀል ሁለት ጊዜ መጥታ አይታዋለች። እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ። ከዚያ ስልኩ የማይነሳ ሆነ። በየቀኑ በስድስት ሰዓት፣ ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ፣ ጋራዡን ዘግቶ ይደውል ነበር። «አንድ ሁለት ጊዜ አንዲት ሴት አንስታ ኖ፣ ኖ አለችኝ። ሞታለች ማለቷ መሰለኝ። ቢሆንም ደወልኩ። ዝም ብዬ እዚያ ቤት ውስጥ ሲጮህ እሰማለሁ» አለኝ። ቁጥሩን በእጄ መዳፍ ላይ ጻፍኩ።

ሐሙስ በእኔ ስልክ ቪዲዮ ኮል አድርገን ለእልፍነሽ ፊት ለፊት ያዝንላት። ካሳ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ተቀምጦ ነበር፤ ፀጉሩ ግማሹ ሸብቷል።

«እማዬ» አላት።

እልፍነሽ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ይሄ ሽማግሌ ማነው?»

«ካሳ ነኝ፣ እማዬ።»

«ካሳ ልጅ ነው» አለች ተቆጥታ። «ካሳ በላ? አንተ ሰውዬ፣ ካሳ በላ?»

ነርሷ ምን ተባለ በሚል ዓይን ታየኛለች። ስልኩን ወደ ራሴ አዞርኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ካሳ፣ የምትጠይቀው የሰባት ዓመቱን ልጅ ነው» አልኩት። «አንተ መልስላት።» ማንም ሳይለኝ፣ ከራሴ የጨመርኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

«ምስሉን አጥፉልኝ» አለኝ።

አጠፋሁት። ስልኩን ትራሷ ላይ፣ ጆሮዋ ሥር አስቀመጥኩት። ከስልኩ የወጣው ወፍራም የጎልማሳ ድምፅ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ፣ ወደ ታች ጎንበስ ያለ።

«እማዬ፣ በላሁ።»

እልፍነሽ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ምን በላህ?» አለች።

«ድንች። በዳቦ።»

«እትዬ ሰጠችህ?»

«ሰጠችኝ።»

«ጠገብክ?»

«ጠገብኩ፣ እማዬ።»

እልፍነሽ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። እጇ አንሶላውን ለቀቀው። «በል እንግዲህ ሂድ» አለችው፣ «ተጫወት።»

«እሺ፣ እማዬ» አለ ካሳ።

ዓይኗን ከደነች። መተንፈሷን እስክናይ ድረስ ሁላችንም ቆመን ነበር። ለተብርሃን ለነርሷ በለሆሳስ ተረጎመችላት፤ ካሳ ስም መሆኑን፣ በላ ማለት ምን እንደሆነ። ዳኒየላ ሰምታ ከጨረሰች በኋላ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ የሕንፃውን ፎቶግራፍ በአራቱም በኩል ቀስ ብላ ላጠችው። ምን ልታደርገው እንደሆነ ሳታውቅ በእጇ ይዛ ቆመች።

ዓርብ ጠዋት ሻንጣዬ መጣ። ካፖርቱን መጦሪያው ትቼው ስለነበር የራሴን ለብሼ ከመሄዳችን በፊት ብቻዬን ባርኮላ ድረስ ተራመድኩ። የእልፍነሽን ከረጢት ለወፎቹ በተንኩላቸው። በሉና ሄዱ። ባለ ዳቦ ቤቱ ቀና ብሎ እንደ ማንኛውም እንግዳ አየኝ። ከተማው በሙሉ በአንዴ ረሳኝ፤ እንደዚያ ስፈራው የነበረው ነገር ሲቀርልኝ ብርዱ የበለጠ ተሰማኝ።

ካሳ የቪዛ ቀጠሮ ሲጠብቅ ቆየ። ዳኒየላ በየእሑዱ በራሷ ስልክ ታገናኘው ነበር፤ በላሁ ይላታል፣ ሂድ ተጫወት ትለዋለች። ፋሲካ ሳይደርስ በእንቅልፏ ላይ እንዳለች አረፈች። ማሪዛና ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ቀበሯት።

ከዚያ ወዲህ ካሳ ኦክላንድ ይደውልልኛል። እንደማይሄድ ያውቃል፤ ከእንግዲህ የሚሄድበትም ምክንያት የለውም። ግን መንገዱን አንድ በአንድ እንድነግረው ይፈልጋል። ከበሩ ስትወጣ በየት ታጠፈች፣ ዳቦ ቤቱ ስንተኛው በር ነው፣ ጥዶቹ ከየት ይጀምራሉ፣ ስትደክም የምታርፍበት ወንበር ነበር ወይ። ባለፈው ሳምንትም የነገርኩትን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«እትዬ ጸዳለ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅ» አለኝ። «ባሕሩ በየት በኩሏ ነበር?»

«ስትሄድ በግራዋ» አልኩት። «ስትመለስ በቀኟ።»